ሽሮ በበዓለ ሃምሳ

ሐጂ ዑስማን ወርቅ በሚያጥቡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከጠረጴዛቸው ሥር በጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። ጠረጴዛው ላይ ተጨምቆ ያለቀ ሎሚ፣ ጨው የያዘች ብርጭቆና ፀጉሩ የተበላ የጥርስ ብሩሽ አለ። ወርቁ ግን የለም።

ኢንስፔክተር ስመኘው ሲደርስ የቡሬ ገበያ ግማሹ ግቢው በር ላይ ቆሟል። ፖሊስ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሰዉ ገዳዩን አግኝቶ፣ ፈርዶ፣ አስሮ ጨርሷል።

«ያ የሽንዲው ጎረምሳ ነው! ትናንት ሲጮህባቸው አልሰማችሁም?» ይላል አንዱ።

«ኧረ ሰማን እንጂ!» ይላል ያልሰማውም።

ስመኘው ሰዉን ገለል አስደርጎ ገባ። ሐኪሙ ሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ ቀና አለ።

«ቁስል የለባቸውም። አንገታቸውም ላይ ምንም አላየሁም። ግን ከንፈራቸውን እየው፤ ጠቁሯል። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሞቱት።»

«አስም ነበረባቸው።»

«አስሙ ሊሆን ይችላል። አፋቸው ላይ ትራስ የጫነ ሰውም ሊሆን ይችላል። ካልተመረመሩ እርግጡን አልነግርህም።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ሚፍታህ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ባጃጅ ነጂ ነው፤ የባጃጁ ቁልፍ ጣቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ያለቀሰው። «ኢንስፔክተር፣ በአላህ! አጎቴን አታቆዩብን። ጀናዛ አያድርም፤ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት እንቅበራቸው» አለ።

ስመኘው ልቡ ራራ። ሐጂ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ሬሳቸው ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲንከራተት ማየት ከበደው። እሺ አለ። በኋላ ይህን እሺታውን ስንት ጊዜ ረገመው!

ገላቸውን ሊያጥቡ ሲሉ ሚፍታህ ቀለበታቸውን አወለቀ። ሐጂ ዕድሜያቸውን በወርቅ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን በሃይማኖታቸው ወርቅ ለወንድ አይሆንምና ለራሳቸው የብር ቀለበት ብቻ ነበር የሚያደርጉት። ስመኘው ቀለበቱን አይቶ ቅንድቡን ሰበሰበ። እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ባለፈው ወር ሲያየው እንዲህ አልነበረም። ያኔ ጎረቤቶች በአሲድ ጭስ ልጆቻችን ሳሉ ብለው ከስሰው፣ እሱ ራሱ መጥቶ የአሲዱን ጠርሙስ ወስዶባቸው ነበር። ሐጂ አልተቆጡም። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ሲያቀብሉት ያ ቀለበት ያበራ እንደነበር ትዝ አለው። ቀለበቱን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ልጃቸው ወደ ናዚፋ ዞረ።

ናዚፋ የሐጂ አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እሷ ነች። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«እስኪ ያየሽውን ንገሪኝ» አላት።

«ሻይ ይዤላቸው ስመጣ በሩም መስኮቱም ተከፍቷል። አባዬ ወድቀዋል። ጮኽኩ።»

«ወርቁስ?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲህ ሌባ ነው የገባው» አለ ስመኘው፣ ለራሱም ለእሷም። «የሽንዲውን ሰው ወርቅ ሰርቆ፣ ሲነቁበት አፍኖ ሄዷል።»

ናዚፋ አንገቷን ደፋች። ስመኘው ሐዘን ነው ብሎ አለፈው። ሲወጣ ደጁ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ታጥቦ ተደፍቷል። እሱንም አለፈው።

*

የሽንዲው ሰው ናሁሰናይ ይባላል። መናኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ነው የያዙት። ገበሬ ነው። በበጋ ከወምበርማ በታች ወደ ዓባይ ቆላ ወርዶ በገበቴ የወንዝ አሸዋ እያጠበ ወርቅ ይለቅማል። የወንዝ ወርቅ ደግሞ እንደ ጌጥ ቤት ወርቅ እያበራ አይወጣም፤ የአፈሩን ዝገት ለብሶ፣ ቀልቶ፣ አንዳንዱም ጠቁሮ ነው የሚገኘው። ያንን ልብስ አውልቀው ወርቁን ወደ መልኩ የሚመልሱት ሐጂ ዑስማን ነበሩ።

«ለምን ሸሸህ?» አለው ስመኘው።

«ወርቄን ልወስድ በጠዋት ሄድኩ፣ ጌታው። ከበሩ ስደርስ ሐጂ ሞቱ የሚል ጩኸት ሰማሁ። ገና ትናንት ነው በሰው ፊት የጮህኩባቸው። እግሬ ራሱ ይዞኝ ሄደ።»

«ምን ብለህ ነበር የጮህከው?»

«ነገ ወርቄን ካላገኘሁ እርስዎም አይኖሩም፣ እኔም አልኖርም አልኩ።»

«ጥሩ ብለሃል!»

«ንዴት ነው፣ ጌታው! ዝገቱ አልለቅ አለኝ፣ ታገሠኝ፣ ነገ፣ ነገ ይሉኛል። ዝናቡ ጥሏል። የበቆሎ ዘር የምገዛው በዚያ ወርቅ ነው። ይህ ዝናብ ካመለጠኝ ዓመቱን ሙሉ ቤቴ ባዶ ነው። ሚስቴ ሰብሊ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።»

«ሌሊቱን የት አደርክ?»

«እዚሁ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ።»

«ተኝተህ ማደርህን ማን አየ?»

«እንቅልፌን ማን ያየዋል፣ ጌታው?»

ስመኘው አሰረው። ኪሱ ተፈትሾ ወርቅ አልተገኘም፤ የሆነ ቦታ ቀብሮት ነው ተባለ። ማታ ቤቱ ሲገባ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሰማ፤ ሌላ ጊዜ ደስ የሚለው ድምፅ ያን ቀን አስጨነቀው። የሰውየው ማሳ ትዝ አለው።

*

በሦስተኛው ቀን ኮንስታብል አይናለም እየሳቀች ቢሮው ገባች። የእስረኞች ስንቅ የምትፈትሸው እሷ ናት። ምላሷ አያርፍም።

«ኢንስፔክተር፣ ይህ የሽንዲው እስረኛ ቡሬ ውስጥ ዘመድ የለኝም አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይመጣለታል። ዛሬ አንዱ ባጃጅ ነው ያመጣው፤ ትናንት ሌላው። ማን ላከህ ስለው፣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቁማ ሰጠችኝ ይላል። እሷን ባገኘኋትና ባሳፈርኳት!»

«ምን አደረገች?»

«ኧረ ምን ያላደረገችው አለ! በበዓለ ሃምሳ፣ ዓርብ እንኳ በማይጾምበት፣ ሽሮ! ትናንት ምስር፣ ከትናንት ወዲያ ሽሮ፣ ዛሬም ሽሮ። እንቁላል እንኳ ጠፍቶ ነው? ፋሲካን ያልሰማች ዘመድ!»

ስመኘው ሳቀ። እስረኛው ራሱ ግን አያጉረመርምም፤ አሟጦ ይበላል። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቀረ፤ ምክንያቱም በዚያው ሰዓት ሌላ ወሬ መጣ። ሚፍታህ በቀብሩ ማግስት ፍኖተ ሰላም ሄዶ ወርቅ ሲሸጥ ታይቷል።

ስመኘው ከወንበሩ ተነሣ። እንዴ! ለካ ቀብሩን ያቻኮለው ለዚህ ነው! አጎቱን ገድሎ፣ እሱን በእንባ አታሎ፣ ምርመራውን አስቀርቶ! በንዴት ጆሮው ጋለ። ወዲያው ሚኒባስ ይዞ ፍኖተ ሰላም ወረደ።

*

ወርቅ ቤቱ የወይዘሮ ሀብትነሽ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከሐጂ ጋር ለዓመታት የሠሩ ሴት ናቸው። ስመኘው የሚፍታህን ስም ሲጠራ ከመሳቢያቸው ጥንድ ጉትቻ አውጥተው መስታወቱ ላይ አኖሩለት።

«የእናቱ ጉትቻ ነው። ለቅሶ ለደረሰው ሰው የሚያበላው አጥቶ ነው የሸጠው፤ እያለቀሰ። ለዚህ ነው ከቡሬ ድረስ የመጣኸው?»

«የወንዝ ወርቅ ቀልጦ የተሠራ ቢሆንስ?»

«ባንድ ቀን? እየው እስኪ፣ ማያያዣው ከመደረግ ብዛት ተበልቶ ሳስቷል። ይህ ስንት ዓመት ጆሮ ላይ የኖረ ነው። የወንዝ ወርቅ ደግሞ ይኸውልህ» ብለው ከብልቃጥ ትንሽ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። እንደ ጎመን ዘር የደቀቀም፣ እንደ ምስር የሚያህልም አለው፤ ሁሉም ጎድጎድ ያለ ነው። «ዝገቱ እጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ወርቁ ራሱ አይዝግም፤ ከላዩ የያዘው የመሬት ብረት ነው። ፍቆ ማንሣት ወርቁን መብላት ነው። ነክሮ፣ ታግሦ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ነው ያለው። እንደ ሐጂ ያለ ታጋሽ አላየሁም፤ ነፍሳቸውን ይማረው።»

ስመኘው አፈረ። የእናቱን ጉትቻ የሸጠ ልጅ ላይ ነፍሰ ገዳይ ብሎ መንገድ ሙሉ ሲፎክር መጥቷል። ሊወጣ ሲል ቀለበቱ ትዝ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ይህን እንዲህ ያጠቆረው ምን ይመስልዎታል?»

ሀብትነሽ ገና ሲያዩት ሳቁ። «ይህማ በረኪና ነው! የብር ቀለበታቸውን ሳያወልቁ በበረኪና ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሁሌ ያመጡልኛል። የማን ነው?»

«የሐጂ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ሐጂ በረኪና ምን ያደርግላቸዋል? ከሎሚ ጋር? አይሆንም! እኔ ቤት አንድ ጊዜ ሠራተኛዬ በረኪናና አሲድ ደባልቃ ስትወድቅ ነው ያነሣናት። ትንፋሽ ነው የሚቆርጠው። ሎሚም እኮ ያው ጎምዛዛ ነው።»

«መስኮቱ ተከፍቶ ነበር እኮ።»

«የሐጂ መስኮት? ወርቅ እያጠቡ? ተው እንጂ! የወርቅ ብናኝ ነፋስ እንዳይወስድባቸው በሐምሌም በሚያዝያም ዘግተው ነው የሚሠሩት። የከፈተው ሌላ ሰው ነው።»

ስመኘው እያሰበ ወጣ። ከረፋድ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጥብስ የሚሸት ቤት አገኘና ሊገባ እግሩን አነሣ፤ በሩ ላይ «የሙስሊም ምግብ ቤት» የሚል ጽሑፍ አየ። ሥጋ ከሆነ እዚያ አይበላም፤ አድጎበት ነው። ሽሮ ቢሆን ግን ማንም...

እግሩ እንደተነሣ ቀረ። ሽሮ። ምስር። በበዓለ ሃምሳ። ንፉግ ዘመድ አይደለችም! የክርስቲያን እጅ ብትሆን በዚህ ወር እንቁላሉንም ሥጋውንም ትልክ ነበር። ይህች ግን እሷ ቤት የታረደውን እሱ እንደማይበላ አውቃ፣ ሳትነግረው ልታረክሰው ፈርታ፣ በየቀኑ እየተጠነቀቀች ሽሮ የምትሠራ ሴት ናት። አባቷን ገደለ ለተባለ ሰው!

«ወይኔ ስመኘው» አለ ጮክ ብሎ። በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ ዞር ብሎ አየው።

*

በማግስቱ ናሁሰናይን ከእስር አውጥቶ ወደ ሐጂ ቤት ወሰደው። የሰውየውን ገበቴ አይናለም ይዛለች።

ናዚፋ በሩን ስትከፍት እስረኛውን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ሚፍታህ ከኋላዋ ብቅ አለ። «ደግሞ ይህን ሰው እዚህ ምን አመጣው?» ብሎ ሊያንባርቅ ሲል ስመኘው እጁን አነሣበት።

«አንዴ ታገሠኝ። ያንተንም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ በኋላ።»

በግቢው ጥግ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ድንጋይ ዝቅ ብሎ፣ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ አለ። ዙሪያው ያለው ሣር በግንቦት ዝናብ ለምልሟል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የአንድ ምጣድ ያህል፣ ደርቆ ነጥቷል። ስመኘው ያን ቀን ታጥቦ ተደፍቶ ያለፈውን ሳህን እያሰበ እዚያ ላይ ቆመ።

«ናሁሰናይ፣ ከዚህ በታች ያለውን ጭቃ እጠብልኝ።»

«ምን አገኝበታለሁ፣ ጌታው?»

«ወንዝ ዳር ምን ትፈልጋለህ? እሱን።»

የእጁን ሰንሰለት ፈቱለት። ናሁሰናይ ጭቃውን በእጁ ዝቆ ገበቴው ላይ አደረገና ውሃ ጨምሮ ያዞር ጀመር። ሲያዞር ሌላ ሰው ሆነ፤ ትከሻው ተፈታ፣ ዓይኑ ረጋ። ቀላሉ አፈር በጠርዙ እየፈሰሰ ወጣ። ጠጠሩን በጣቱ ለቀም ለቀም አደረገ። እንደገና ውሃ፣ እንደገና ማዞር። ከሐጂ ቤት ግድግዳ ባሻገር የተሰበሰቡት ጎረቤቶች እያዩ እያዩ ግቢው ውስጥ ገቡ። ሁለተኛውን ዝቆ፣ ሦስተኛውን ዝቆ ሲያዞር ድንገት እጁ ቆመ።

«የእኔ ነው» አለ። «ይቺን ሹል አውቃታለሁ። ግን... እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እዩት፣ ጠርቷል!»

ገበቴው ላይ፣ በጥቁሩ አሸዋ መሐል፣ ወርቁ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆኖ ያበራል። አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም።

ናዚፋ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ለቆ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ያ ረቢ! ለቆ ነበር ለካ።» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች፤ ሚፍታህ ምኑም ሳይገባው «ናዚፋ፣ ምንድን ነው? ኧረ ምንድን ነው?» ይላል።

ስመኘው ሰዉን ሁሉ ከግቢው አስወጣ። ናሁሰናይ ግን ቆየ፤ ስመኘውም ውጣ አላለውም። መስማት የእሱ ድርሻ ነው ብሎ አሰበ።

*

«ክፋት አልነበረኝም» አለች ናዚፋ። «አባዬ ሳምንቱን ሙሉ በሎሚና በጨው ሲደክሙ አየሁ። ደግሞ ይህ ሰው መጥቶ በሰው ፊት ጮኸባቸው። ራታቸውን ሳይበሉ ተነሡ፤ በጣም ነው ያሳዘኑኝ። ለጁምዓ ጀለቢያቸውን የማነጣው በበረኪና ነው። የማይለቅ እድፍ የለም። ለማታው የመግሪብ ሶላት መስጊድ ሲሄዱ ወርቁ የተነከረበትን ውሃ ደፋሁና በረኪና ሞላሁበት። ሲመለሱ ጠርቶ አግኝተው ይደሰታሉ አልኩ። እኔም ጎረቤት የኒካህ ሠርግ ነበር፣ ሄድኩ።»

«አልነገርሻቸውም?»

«ይቆጡኛላ። ወርቅ በልብስ ማጠቢያ ትነክሪያለሽ? ይሉኝ ነበር።»

«አላሸተታቸውም?»

«አፍንጫቸውን አሲድ ከጨረሰው ስንት ጊዜው! ውሃ መስሏቸው ሎሚውን ጨመቁበት። በሩንም መስኮቱንም ዘግተው። እኔ ከኒካህ ስመለስ እየሠሩ ነው ብዬ ተኛሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው አፈነኝ። ወዲያው ገባኝ፣ ኢንስፔክተር። አባዬ ሳይነሡ ነው የገባኝ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ሳህኑን ወስጄ እቦዩ ደፋሁ፣ አጠብኩ። ከዚያ ነው የጮኽኩት። ወርቁ ውስጡ መኖሩ ትዝ ያለኝ ከደፋሁት በኋላ ነው።»

ናሁሰናይ ጥግ ላይ እንደቆመ፣ «እኔ እንድሰቀል ነበር ዝም ያልሽው?» አላት።

«አይደለም! በአላህ አይደለም!» ወደ እሱ ቀና ማለት አቃታት። «በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። አባቷን ገደለች ሲሉኝ ይታየኛል፣ አፌ ይታሰራል። ሽሮውን ስሠራ ብቻ ነበር ትንሽ የሚቀለኝ።»

«ግን መጀመሪያውኑ ለምን ሌባ ገባ አልሽ?» አለ ስመኘው።

ናዚፋ አየችው። «እኔ አላልኩም። እርስዎ ነዎት ያሉት። እኔ ዝም ብዬ ያዝኩት።»

እውነቷን ነው። ሌባውን ያስገባው ስመኘው ራሱ ነው። ነገሩን ለመለወጥ ያህል ሌላ ጥያቄ ፈለገ።

«ሐጂ እኮ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት በአሲድ ነው። በሎሚ መሥራት ማን አስጀመራቸው?»

«አሲዱንማ እርስዎ ወሰዱት» አለች፤ ወቀሳ የለበትም፣ የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። «ሐጂ፣ በቤት ውስጥ ዕቃ ይሥሩ፣ ሰው አይጎዳም ብለዋቸው ነበር። ከቤት ውስጥ አባዬ ሎሚውን አገኙ። እኔ ደግሞ በረኪናውን።»

ቃሏን ይጽፍ የነበረው የስመኘው እጅ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ያን ቀን ጠርሙሱን ሲወስድ፣ በየትኛው የቤት ዕቃ ሊሠሩ ነው ብሎ አልጠየቀም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲያቀብሉት፣ ደህና ሥራ ሠራሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበር የወጣው።

*

ናሁሰናይ ከሰዓት በፊት ተፈታ። ወርቁን ፎቶ አንሥተው፣ አስፈርመው በጨርቅ ቋጥረው ሰጡት። ካፊያ ስለጣለ ጥላ የያዙ ሰዎች መናኸሪያውን ሞልተዋል። አይናለም «በል ሩጥ፣ የሽንዲ መኪና ሊሄድ ነው፤ ለዘሩ ገና ትደርሳለህ» ብላ ሸኘችው።

ስመኘው ቢሮው ተቀምጦ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአሲድ ጠርሙስ ሲያይ ቆየ። ከናዚፋ ቃል ሥር የራሱንም ቃል ጽፎ ለአለቃው ሰጥቷል። አለቃው አንብበው፣ «አንተ ምን አጠፋህ? ሕግ ነው ያስከበርከው» ብለውታል። ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም።

በምሳ ሰዓት የአይናለም ድምፅ ከማረፊያ ቤቱ በር ተሰማ። «እንዴ! አንተ ሰውዬ፣ ወጥተህ ተመልሰህ መጣህ? ለመደብህ እንዴ?»

ስመኘው ወጣ። ናሁሰናይ በዝናቡ በስብሶ ቆሟል። በእጁ ሽሮው ይመጣባት የነበረችውን ምሳ ዕቃ ይዟል። አይናለም ከፈተቻት፤ ትኩስ ጥብስ ነው።

ናዚፋን ከታሰረችበት ክፍል ጠሯት። ከብረቱ ወዲያ ቆመች። ምሳ ዕቃዋን ለይታ ስታውቅ ወደ ኋላ አለች።

«ሥጋ ነው፤ ግን አትስጊ» አላት ናሁሰናይ፣ መሬት መሬት እያየ። «ከእናንተ ሰዎች ቤት ነው ያስጠበስኩት። ማን እንዳረደው ሁለቴ ጠይቄያለሁ።»

እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«እሱን አሁን አልችልም። ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን የላክሽልኝን በልቻለሁ፤ ጦምሽን አታድሪም።»

አይናለም፣ ያቺ ምላሷ የማያርፍ፣ ፊቷን አዞረች። ናሁሰናይ ሊሄድ ሲል ስመኘውን በሩ ላይ ቆሞ አየው። የአገሩ ሰው ባሕርይ ነውና፣ የታሰረበትን ሁሉ ረስቶ ሳይሆን አፉ ስለለመደ፣ ጎንበስ አለ።

«እርስዎስ፣ ጌታው፣ ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ» አለ ስመኘው። አልበላም ነበር።